ኮከባችን እሳትና ውሃ ነው ተባልን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጎንደር ነው። ሽማግሌ ልኬ የልጅቱ ቤተሰቦች ፈቅደውልኝ ነበር። አሁን ግን አያቷ ኮከባችንን አስቆጥረው፣ «እሱ እሳት፣ እሷ ውሃ፤ አብረው አይዘልቁም» ተብለው መጡ። ቤተ ክርስቲያንም ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት፣ ተፈጠረ ብላ ስለምታስተምር ነገሩ እውነት ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድሜ ቁርጡን ልንገርህ፤ በዚህ ምክንያት እጮኛህን አትተው። ስምህንና የእናትህን ስም በቁጥር ቀምሮ ዕጣህን የሚያወጣ ሰው የነገረህ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አይደለም። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ምዋርትን፣ ማለትም ጥንቆላን፣ በግልጽ ይከለክላል።

እኔን የሚያሳዝነኝ የአባቶችን ጥበብ ገልብጠው ማስፈራሪያ ማድረጋቸው ነው። ሊቃውንቱ ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ እሳት ሙቅና ደረቅ፣ ነፋስ ሙቅና እርጥብ፣ ውሃ ቀዝቃዛና እርጥብ፣ መሬት ቀዝቃዛና ደረቅ ነው ይላሉ። እሳትና ውሃ በሁለቱም ጠባያቸው ይጣላሉ። ነገር ግን ነፋስ በሙቀቱ ለእሳት፣ በእርጥበቱ ለውሃ ዘመድ ነውና መካከላቸው ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ነፋስና መሬትን ደግሞ ውሃ ያስማማቸዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ፣ ውሃ ሁለት እጅ እንዳለው ሆኖ በቅዝቃዜው መሬትን፣ በእርጥበቱ ነፋስን እንደሚይዝ አስተምሯል። አየህ፣ ባላጋራዎቹን አስማምቶ ዓለምን ያቆመውን ፈጣሪ እንድናደንቅ ነው ይህን የሚያስተምሩን።

አንድ ቀን ወለቃ ድረስ ሂድና ሸክላ ሠሪዎቹን ተመልከት። አፈሩ ያለ ውሃ አይቦካም፤ እርጥቡ ማሰሮ ቶሎ እሳት ቢገባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ነፋስ እስኪያደርቀው በትዕግሥት ይጠብቁታል። ወጥህ የሚሠራበት ድስት እንኳ አራቱ ተስማምተው የወጡበት ነው።

ደግሞስ አንተ እሳት ብቻ፣ እሷ ውሃ ብቻ ናችሁ ያለው ማን ነው? እያንዳንዱ ሰው አራቱን የሥጋ ባሕርያት ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት፣ ከልባዊነት (ከማሰብ)፣ ከነባቢነት (ከመናገር) እና ከሕያውነት (ሕያው ከመሆን) ጋር ይዟል። አያቷም፣ ኮከብ ቆጣሪውም ጭምር። ሙቀቱ የማይገኝባት ሴት፣ እርጥበቱ የሌለበት ወንድ በሕይወት አይኖርም።

«ታዲያ ሊቃውንቱስ ሰማዩን ይቆጥሩ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አዎን፣ ይቆጥራሉ። በዘፍጥረት 1፥14 እንደተጻፈው ብርሃናቱ የተሰጡን ዘመንን፣ ዕለትንና ዓመትን እንድናውቅባቸው ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ በዚያ ጾሙና በዓሉ የሚውልበትን ቀን እናገኛለን። የሙሽራ ዕድል ግን በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

አያቷን አትቀየማቸው። ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ያደረጉት ነው፤ ብዙዎቹ እናቶቻችን ይህን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ይመስላቸዋል። ራስህ ከመከራከር ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ይዘህ ሂድ፤ ቀስ ብለው ያስረዷቸዋል። እናንተም ንስሐ ገብታችሁ ለሥርዓተ ተክሊሉ ተዘጋጁ። የሠርጉን ቀን ስትቆርጡ ጾም እንዳይገባበት ከካህኑ ጋር ተመካከሩ።