ቋንቋ ቀስ በቀስ ሲጠፋ፦ ስለ ፕሮግረሲቭ አፌዥያና ዲሜንሺያ ጥያቄና መልስ

ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች ዘርፉን በቅርብ ለሚከታተል ባልደረባችን አቅርበናል። የማንንም ሕመም ከሩቅ መለየት አይቻልም፤ መልሶቹ የሚጠቅሙት ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ምን እንደምትናገሩና ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ጥያቄ፦ ቃል መጥፋት የዕድሜ ነገር አይደለም ወይ? ከየት ጀምሮ ነው የሚያሳስበው?

የሰው ስም አፍ ላይ እያለ ጠፍቶ ከቆይታ በኋላ ራሱ ብቅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነገር ነው። የሚያሳስበው የየዕለት ዕቃዎች ስም፣ ማንኪያው፣ መሰላሉ፣ ቁልፉ፣ መጥፋት ሲጀምር፣ «እንትን» እና «ያ ነገር» ንግግሩን ሲሞሉት፣ ይህም በወራት ውስጥ እየባሰ ሲሄድ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ቃሉ ሲነገረው «አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው» በማለት ፈንታ «ምንድን ነው እሱ?» የሚል ሰው ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር፦ የመስማት ችሎታ፣ ድብርት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ የታይሮይድ እጢና የቫይታሚን ቢ12 መጠን። ንግግር በድንገት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከተበላሸ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ በ2022 «አፌዥያ» ተባለ፤ በ2023 ደግሞ «ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ» ተባለ። በሽታው ተቀየረ ማለት ነው?

አይደለም። አፌዥያ የምልክቱ ስም ነው፤ የቋንቋ መበላሸት። ዲሜንሺያ ማለት የአእምሮ ችሎታ የዕለት ኑሮን እስኪያውክ መዳከም ነው፤ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ደግሞ ያንን ምልክት ሊያመጡ የሚችሉ የአንጎል በሽታዎች የጋራ ስም ነው። የቋንቋ ችግር ቀስ በቀስ ጀምሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋነኛው ችግር እሱ ብቻ ሲሆን ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዥያ ይባላል። ሐኪሙ አርኖልድ ፒክ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በ1892 ገልጾ ነበር። ራሱን የቻለ ሕመም ተደርጎ መጠናት የጀመረው ግን የነርቭ ሐኪሙ ማርሴል ሜሱላም በ1982 ስለ 6 ሕመምተኞች ከጻፈ በኋላ ነው። በተለመደው አልዛይመር በቅድሚያ የሚጎዳው የቅርብ ጊዜ ትውስታ ነው። እዚህ ግን ሰውዬው ትናንት የሆነውን ያስታውሳል፤ የሚቸግረው መናገሩ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ አፌዥያ ሦስት ዓይነት አለው ይባላል። ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል?

ለሠለጠነ ጆሮ በከፊል ይታወቃል። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ የሕክምናውም የእንክብካቤውም መሠረት ይኸው ነው። ቁም ነገሩ የስሕተቱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ዓይነቶቹን እንዲህ ይለያል።

ሴማንቲክ፦ ንግግሩ ይፈስሳል፣ ሰዋስው አይጎድልም፤ የሚጠፋው የቃሉ ትርጉም ነው። «ግመል አይተህ ታውቃለህ?» ሲባል «ግመል ምንድን ነው?» ይላል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እንስሳውን ሁሉ «ውሻ» ወይም «ፈረስ» ማለት ይጀምራል፤ ብርቅ ቃላት ቀድመው ይሄዳሉ፣ የተለመዱት ይቆያሉ። «ግመል» ብለህ ድገም ብትለው ያለ ችግር ይደግማል። የሚሳሳው በግራ በኩል ያለው የአንጎል ቴምፖራል (የጆሮ አጠገብ) ክፍል ፊተኛው ጫፍ ነው። ጉዳቱ በቀኝ በኩል ሲበረታ የሚያውቁትን ሰው ፊት አለመለየትና የጠባይ ለውጥ ጎልቶ ይወጣል።

ኢ-ፈሳሹ ዓይነት፦ እዚህ ትርጉሙ አለ፤ አወጣጡ ነው የሚያስቸግረው። ንግግሩ የሚታገል፣ የሚቆራረጥ ይሆናል። «መስኮት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስብሉት፤ በሦስቱም ጊዜ የተለያየ ስሕተት ሊወጣ ይችላል። «ፓ-ታ-ካ»ን በፍጥነት መደጋገም ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ አፉ ደህና ሆኖ ሰዋስው ይጠፋበታል፦ የግሥ መድረሻዎችና መስተዋድዶች ይወድቃሉ። ውስብስብ ዐረፍተ ነገር መረዳትም ይከብደዋል። «አንበሳው የገደለው ነብር» እና «አንበሳውን የገደለው ነብር» በአንዲት «ን» ብቻ ይለያያሉ፤ የሞተው የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ጉዳቱ በግራ ፍሮንታል (የግንባር) ክፍል የታችኛው ኋለኛ ጫፍና ኢንሱላ በሚባለው አካባቢ ነው።

ሎጎፔኒክ፦ በየመሃሉ ቃል ፍለጋ ይቆማል፤ ድምፆች ይገለባበጡበታል («መኮስት»)፤ ትርጉሙን ግን ያውቃል። መለያው መድገም ነው፦ አንድ ቃል ይደግማል፣ አሥር ቃል ያለው ዐረፍተ ነገር ግን አይችልም፤ ድምፅን ለጥቂት ሰከንድ የሚይዘው የአእምሮ ማኅደር ተጎድቷልና። ጉዳቱ ቴምፖራልና ፓራይታል (ከላይ ወደ ኋላ ያለው) ክፍሎች በሚገናኙበት ግራ አካባቢ ነው።

ከሦስቱም ጋር የማይገጥም ወይም የተቀላቀለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሐኪም «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከ6 ወር በኋላ ደግመን እንይ» ቢል አለማወቅ አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ዓይነቱ ከታወቀ ከሥር ያለው በሽታም ታወቀ ማለት ነው?

ግምቱ ይጠብባል እንጂ አያልቅም። በ2018 የወጣ 1,251 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥምር ትንተና የአልዛይመር ምልክት የሆነውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በሎጎፔኒክ 86 በመቶ፣ በኢ-ፈሳሹ 20 በመቶ፣ በሴማንቲክ 16 በመቶ ላይ አግኝቷል። በሴማንቲክ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ቲዲፒ-43 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በኢ-ፈሳሹ ደግሞ ታው። ስለዚህ ኤምአርአይ ብቻ አይበቃም፤ የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ፣ የአሚሎይድ ፔት ስካን ወይም ፒ-ታው217 የተባለውን የታው ዓይነት የሚለካ የደም ምርመራ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ አባቴ በአእምሮ ፈተና ከ30 14 አገኘ፣ «መካከለኛ ዲሜንሺያ» ተባለ። ግን ሒሳቡን ራሱ ይሠራል፣ መንገድ አይጠፋበትም። እንዴት ነው ይሄ?

ያ ፈተና በቃል ተጠይቆ በቃል የሚመለስ ነው። ቃላትን አስታውስ፣ ዕቃ ሰይም፣ ዐረፍተ ነገር ድገም፣ ትእዛዝ ፈጽም ይላል። አፌዥያ ያለበት ሰው የሚወድቀው ስለረሳ ሳይሆን መናገር ስላቃተው ሊሆን ይችላል። ትውስታን በሥዕልና በቅርጽ የሚለካ ፈተና እንዲደረግላቸው ጠይቁ። በቤት ውስጥ የሚሠሩትን ሁሉ፣ ከነቀኑ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከነጥቡ የበለጠ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛውን ፈተና ወደ አማርኛ ተርጉሞ መጠቀም ይቻላል?

ቃል በቃል ከሆነ አይቻልም። በአንዱ ቋንቋ ቀላል የሆነ ቃል በሌላው ብርቅ ይሆናል፤ ርዝመቱም ይለያያል። በእንግሊዝኛ የሴማንቲክ ዓይነት አንዱ ምልክት አጻጻፋቸው ከድምፃቸው የማይገጥም ቃላትን እንደተጻፉ ማንበብ ነው፤ ፊደላችን በዚህ ረገድ ብዙም ስለማያሳስት ምልክቱ ሊደበቅ ይችላል። በተቃራኒው ሰ እና ሠን ማቀያየር ጤነኛውም የሚያደርገው ስለሆነ እንደ ምልክት አይቆጠርም። ፈተናው በቋንቋው ተሠርቶ፣ በዕድሜና በትምህርት በሚመሳሰሉ ጤነኞች መለካት አለበት።

ጥያቄ፦ ሁለት ቋንቋ መቻል ከዲሜንሺያ ያድናል?

አያድንም፤ ምናልባት ያዘገያል። በ2013 የታተመው የሃይደራባድ ጥናት 648 የዲሜንሺያ ሕመምተኞችን አይቶ ሁለት ቋንቋ በሚናገሩት ላይ ሕመሙ በ4.5 ዓመት ዘግይቶ እንደጀመረ አገኘ። ጤነኛ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን ይህንን ሁልጊዜ አላረጋገጡም፤ ስለዚህ ነገሩ ገና አልተቋጨም። በአፌዥያው ሁለቱም ቋንቋዎች ይጎዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዳከመው ዘግይቶ የተማሩት ወይም ብዙም የማይናገሩት ነው። ስለዚህ ምርመራው በሁለቱም ይደረግ።

ጥያቄ፦ ከጽሑፍ ወይም ከድምፅ ቅጂ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል የሚባለውስ?

በ1996 የወጣ ጥናት 93 መነኮሳት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪክ መረመረ። በየአሥሩ ቃል ውስጥ ያለው የሐሳብ ብዛት አነስተኛ የነበረባቸው፣ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በአእምሮ ፈተና ደከም ብለው ተገኙ። በኋላ አልዛይመር የተገኘባት ደራሲ አይሪስ መርዶክ የመጨረሻ ልቦለድም ከቀደሙት ጋር ተነጻጽሮ ነበር፤ የዐረፍተ ነገር አሠራሩ ብዙም ሳይለወጥ የቃላቱ ስፋት ጠብቦ ተገኘ። አልዛይመር በቋንቋ ላይ ቀድሞ የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ይመስላል፤ በ1 ደቂቃ ውስጥ የእንስሳት ስም ጥራ ሲባልም ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል።

ድምፅ ሰምቶ ሕመም ይለያል የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነገር በጥንቃቄ ነው የማየው። በ2020 የተካሄደው የእነዚህ ፕሮግራሞች ታዋቂ ውድድር የተመሠረተው በ156 ሰዎች ድምፅ ነው፤ ግማሾቹ ሕመምተኞች፣ ሁሉም አንድ ሥዕል የሚገልጹ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ሕመምተኛው ግማሽ በሆነበት ስብስብ ላይ በደንብ የሠራ ፕሮግራም ሕመሙ ጥቂት በሆነበት ሕዝብ ላይ ሲውል ብዙ ጤነኛ ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አለው?

ለአፌዥያው ተብሎ የጸደቀ የለም። ከሥር ያለው አልዛይመር ከሆነ ለአልዛይመር የሚታዘዙት ዶኔፔዚልና መሰሎቹ ይሞከራሉ። አሚሎይድን የሚያጠራው ሌካኔማብ በአሜሪካ በ2023 ጸድቋል፤ ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ፣ አሚሎይድ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በኤምአርአይ ክትትል። በሽታው ፍሮንቶቴምፖራል ከሆነ ሌካኔማብ ቦታ የለውም፤ ዶኔፔዚልም ጠባይን ሊያባብስ ይችላል። ዓይነቱን ሳይለዩ ማዘዝ የማልደግፈው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚጠፋ ከሆነ የንግግር ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ያዘገያል፤ አንዳንዱን ቃልም ይመልሳል። ግን እንደ ዓይነቱ ነው።

ለሴማንቲክ ዓይነት ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቃላት ምረጡ፤ ሰውዬው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው፣ ትርጉማቸው ገና ጭራሽ ያልጠፋ። የራሱን ዕቃ ፎቶ አንሱ እንጂ ከመጽሐፍ ሥዕል አትውሰዱ። ስሙን እያየ፣ እየሰማ፣ እየጻፈ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለማመድ። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ፣ የተማረው ከዚያች ፎቶ ጋር ይጣበቅና የራሱን ኩባያ እየሰየመ የሌላውን ሰው ኩባያ አይሰይምም፤ ስለዚህ የአንዱን ዕቃ ሁለት ሦስት ፎቶ፣ ዕቃውንም ራሱን ተጠቀሙ። ሌላው፣ ልምምዱ ሲቆም ቃሉ ይሄዳል፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜም ቢሆን መቀጠል አለበት። ሲሳሳት «ገምት» አትበሉት፤ የተገመተው ስሕተት ራሱ ይቀረጻል፣ መልሱን ቀድማችሁ ስጡ።

ለኢ-ፈሳሹ የተሻለው የተጻፈ ንግግር ማጥናት ነው፦ ራሱን ማስተዋወቅ፣ ስልክ ማንሳት፣ ስለ ልጆቹ ማውራት። ቪዲዮ ላይ ያለን ተናጋሪ አፍ እያየ አብሮ ይላል። በ2018 በ10 ሰዎች ላይ በወጣ ጥናት የተለማመዱት ንግግር እስከ 1 ዓመት ቆይቷል። ለሎጎፔኒክ ቃል ማውጣት ላይ ይሠራል፦ ስለ ዕቃው አገልግሎት መናገር፣ የመጀመሪያ ድምፁን ማሰብ፣ መጻፍ።

በጭንቅላት ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ተስፋ እየታየበት ነው፤ ከልምምዱ ጋር ሲሆን። ገና በጥናት ደረጃ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ይወረሳል?

አብዛኛው አይወረስም፣ ሴማንቲኩ በተለይ። በቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጂአርኤን የተባለው ጂን ነው። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በ40ዎቹና በ60ዎቹ መካከል በዲሜንሺያ ወይም በኤኤልኤስ (ጡንቻን በሚያዳክም የነርቭ በሽታ) የታመሙ ከሆነ የዘር ምክር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ገና መጀመሪያው ላይ ናት። አሁኑኑ ምን እናድርግ?

ድምፅዋን ቅዱ። በራሷ ድምፅ የምትላቸውን ዐረፍተ ነገሮች፣ የልጆቿን ስም፣ ሰላምታዋን፤ በኋላ በስልክ ወይም በታብሌት ይጫወታል። ውክልናና የባንክ ጉዳይ ሰነዱን አንብባ በምትረዳበት ጊዜ ይጠናቀቅ። ስሟን፣ ያለባት የንግግር ችግር እንጂ ስካር ወይም እብደት አለመሆኑን፣ የሚደወልለትን ሰው የሚገልጽ ትንሽ ካርድ በቦርሳዋ ይኑር።

ስታወሩ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ አንድ ጊዜ አንድ ሐሳብ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ከማለት ሁለቱን ነገር አሳይታችሁ አስመርጧት። ቃል ስትፈልግ ጥቂት ጠብቁ፤ ከዚያ «ልርዳሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢ-ፈሳሹ ዓይነት ከሆነ ከጊዜ በኋላ መዋጥም ሊያስቸግራት ይችላል፤ ውኃ ስትጠጣ ካሳላት ወይም ድምፅዋ ረጥቦ ከተሰማ የመዋጥ ምርመራ እንዲደረግላት በዚያው ሳምንት ጠይቁ።