የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግቢ ሣር ምን ያህል ውኃ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር ስሆን በግቢዬ ውስጥ 120 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር አለኝ። ከሮቶ በፓምፕ ውኃ የሚስብ፣ በመርጫ የሚያጠጣና ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ መስመር አስገጥሜያለሁ። የገጠመልኝ ባለሙያ በየምሽቱ ለ20 ደቂቃ እንዲሠራ አስተካክሎልኝ ሄደ፤ እኔም እስካሁን አልነካሁትም። አሁን የውኃ ሒሳቤ እጅግ ጨምሯል፤ የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ረግረግ ሆኖ ውኃው ወደ መንገድ ይወጣል፤ በአጥሩ በኩል ያለው ሣር ግን ደርቋል። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጎረቤቶቼን ባየሁ ቁጥር እሳቀቃለሁ። ሣሩን ነቅዬ ልተወው ወይስ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ ሣርዎን አይንቀሉት። ከጻፉልን ሁሉ ችግሩን በግልጽ የሚያሳየው «እስካሁን አልነካሁትም» ያሉት ነው። በኅዳርም በየካቲትም፣ ዝናብ በጣለበትም ባልጣለበትም ቀን ያንኑ 20 ደቂቃ የሚለቅ መስመር ውኃ ማባከኑ አይቀርም። 20 ደቂቃው ምን ያህል ውኃ እንደሚያወርድ ሳይታወቅ ግን በዛ ወይም አነሰ ማለት ስለማይቻል መጀመሪያ ይለኩት። ጎናቸው ቀጥ ያለ ስምንት ወይም አሥር ባዶ ጣሳዎችን፣ ለምሳሌ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎችን፣ ረግረጉንና የደረቀውን ክፍል ጨምሮ በሣሩ ላይ አራርቀው ያስቀምጡ። ነፋስ በሌለበት ሰዓት መስመሩን ለ15 ደቂቃ ከፍተው በየጣሳው የተጠራቀመውን ውኃ በማስመሪያ ይለኩ፤ አማካዩን በ4 ሲያባዙት መስመርዎ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚለቅ ያገኛሉ።

ሳይሽከረከሩ የሚረጩ መርጫዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይለቃሉ። የእርስዎም ከእነዚህ ወገን ከሆነ በ20 ደቂቃ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ በየምሽቱ 1,200 ሊትር፣ በወር ደግሞ 36 ሜትር ኩብ ያፈስሳሉ ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ግን በበጋ እንኳ ከአፈሩና ከሣሩ በቀን የሚተነው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ሰርዶና እንደ ኪኩዩ ያሉት ጠንካራ ሣሮች ከዚያም ባነሰ ውኃ ደህና ሆነው ይቆያሉ። በእኔ ግምት በደረቁ ወራት በሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ይበቃዎታል፤ ይህም በወር ወደ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ረግረጉ የመጣው ከብዛቱ ብቻ ሳይሆን ከአፈሩም ጠባይ ይመስለኛል። በአካባቢያችን በብዙ ቦታ የሚገኘው መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቅና የመጀመሪያውን ውኃ በስንጥቁ ፈጥኖ ይውጣል፤ ከረጠበ በኋላ ግን አብጦ ስለሚደፈን ውኃ የሚያሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በመረሬ ማሳቸው ላይ መደብና ቦይ እያወጡ የክረምቱን ውኃ የሚያጠነፍፉት ይህንኑ ጠባዩን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ የግቢዎ አፈር በበጋ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ በየቀኑ ማጠጣቱን ትተው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያጠጡ፤ በእያንዳንዱም ቀን 20ውን ደቂቃ አራት ቦታ ከፍለው፣ 5 ደቂቃ ከለቀቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፈው እንደገና 5 ደቂቃ ይልቀቁ። አብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች በአንድ ቀን ከአንድ በላይ የመነሻ ሰዓት ስለሚቀበሉ ይህን ቆመው መጠበቅ አያስፈልግዎትም። በማግሥቱ ረጅም ካቻቢቴ አፈሩ ውስጥ ይጫኑ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳያስቸግር ከገባ እርጥበቱ ሥሩ ዘንድ ደርሷል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ሣር ሥሩን ከላይ ስለሚያስቀር አንድ ሳምንት ውኃ ቢቋረጥበት አይችልም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአጥሩ በኩል ያለው ድርቀት ጊዜ በመጨመር አይድንም፤ ጊዜ ቢጨመር የሚብሰው ረግረጉ ነው። የአንዱ መርጫ ውኃ የሚቀጥለው መርጫ እግር ድረስ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ጫፉን ፈትተው ይጠቡት፤ የሮቶ ደለል ብዙ ጊዜ የሚይዘው እዚያና በማጣሪያው ላይ ነው። ፓምፑ ሲበረታ ደግሞ ውኃው እንደ ጉም ይበንና ነፋስ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ግፊቱን መቀነስ ያሻል።

ስለ ሰዓቱ፦ ምሽቱን ይተዉት። ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ለበሽታ ይጋለጣል፤ ብርዱ በሚጠናባቸው ወራትም በቅጠሉ ላይ በረዶ ይሠራል። በየካቲትና በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቢጀምሩ ፀሐይና ነፋስ ሳይበረቱ ያልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቀው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይጀምሩ። በእነዚህ ወራት ሣሩ ቢጠወልግና ቢቀላ ብርዱ አስተኝቶት እንጂ ጠምቶት አይደለም፤ ውኃ በመጨመር አረንጓዴ አያደርጉትም፤ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መቆጣጠሪያውን ጨርሰው ይዝጉት። ክረምቱ ሲወጣም መረሬ ብዙ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ወዲያው አይክፈቱት፤ የረገጡት ሣር ተመልሶ ሳይነሣ ዱካዎ መታየት ሲጀምር ያን ጊዜ ማጠጣት ይጀምሩ። በበልግ አንድ ጣሳ ደጅ ላይ ትተው የጣለውን ዝናብ ከሳምንቱ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀንሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሒሳቡ ካልወረደ ማታ የሮቶውን መግቢያና ወደ ቤት የሚወስደውን ቧንቧ ዘግተው የውኃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበት፤ ጠዋት ዝቅ ብሎ ካገኙት ከሮቶው በኋላ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ወይም የማይዘጋ ቫልቭ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አፈራችን አሸዋማ ሲሆን ሣሩ በቀትር ይጠወልጋል። በቀትር ውኃ ብረጭለት ይበርድለታል?

መልስ፦ ለጥቂት ጊዜ ይበርድለታል፤ ነገር ግን ከሚረጩት ውኃ ብዙው ሥሩ ሳይደርስ ይተናል። ቆላው የሚፈልገው ውኃ ከደጋው ይበልጣል፤ አሸዋማ አፈር ደግሞ ውኃ አይዝም፤ ስለዚህ የሳምንቱን መጠን ሦስት ወይም አራት ቦታ ከፍለው ጎህ ሳይቀድ ያጠጡ። ሣሩን ሲያጭዱ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ፤ ረዘም ያለ ሣር አፈሩን ያጠላለታል። በየዓመቱም በስሱ የተበተነ ብስባሽ አሸዋውን እርጥበት እንዲይዝ ይረዳዋል። አስተያየቴን ከፈለጉ ግን፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከሣሩ ግማሹን ቀንሰው ማንጎ ቢተክሉበት ጥላም ፍሬም ያገኛሉ፤ ውኃውንም በጠብታ መስመር ሥሩ ላይ ብቻ መስጠት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ። ልብስ ያጠብንበትን ውኃ ለሣር ማፍሰስ ይቻላል?

መልስ፦ የማለቅለቂያውን ውኃ፣ በረኪና ካልገባበት፣ በዚያው ቀን በባልዲ ቦታ እየቀያየሩ ማፍሰስ ይችላሉ። ስለሚሸት አያሳድሩት፤ በመርጫም አይርጩት። የመጀመሪያው የሳሙና ውኃ ግን ሶዲየም ስለሚበዛበት በተለይ መረሬ አፈርን ይደፍናል፤ እርሱን ለሣር አይስጡት።