«ጨው መች በላሁ?» የሚሉት እናት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከደንቢያ መጥታ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር ወስጄ ባስለካት ግፊቷ 160 በ95 ሆነ። በሳምንቱም ብትለካ ያው ነው። ኪኒን ታዘዘላት፣ ጨው ቀንሺም ተባለች። እሷ ግን «እኔ ጨው መች በላሁ? ገበታ ላይ ነስንሼ አላውቅ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ገበታ ላይ ጨው አናቀርብም። ጎረቤት ደግሞ ኪኒኑን ትተሽ ሽፈራው ጠጪ ይላታል። ለብቻዋ አልጫ ልጣድላት ወይ? ሥራ ውዬ ነው የምገባው፣ ሁለት ድስት ከበደኝ።
ልጇ ነኝ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ አልዋሹም። እኔም እንደሳቸው እል ነበር። ያውም ነርስ ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ ግፊት እየለካሁ «ጨው ቀንሱ» ስል እየዋልኩ። አንድ ቀን አንዲት ታካሚ «እርስዎ ቤትስ ስንት ይበላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ገብቼ አዲስ የአንድ ኪሎ ጨው ከፈትኩና ላዩ ላይ ቀኑን በእስኪርቢቶ ጻፍኩበት። ቤታችን አምስት ነን። በ20ኛው ቀን አለቀ። አካፍይው፤ ለአንድ ሰው በቀን 10 ግራም ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። እኛ እጥፉን ስንበላ ከርመናል።

ይህ ሒሳብ ደግሞ በርበሬውን አልቆጠረም። ጥር ላይ ዛላውን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደልዤ፣ አድርቄ፣ ወፍጮ ቤት ልልከው ስል አንድ ኪሎ ተኩል ጨው ገልብጬበታለሁ። ለ10 ኪሎ ዛላ! ሽሮውም ጨው አለው። ሚጥሚጣውማ አይወራም። ከዚያ ድስቱ ላይ ቀመስ እናደርግና «አልጣመም» ብለን እንደገና ቆንጠር። እናትሽ ገበታ ላይ የማይነሰንሱት እኮ አስቀድሞ ስለገባ ነው። ደግሞ ደንቢያ ያደጉ ከሆነ ቡናውንም በጨው ሳይጠጡ አይቀሩም። እስቲ ጠይቂያቸው።

ጨው ውሃ ይዞ ያስቀራል። በደም ስር የሚዞረው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልብም ከአቅሟ በላይ ትሠራለች። እንዲህ ዓመታት ሲቆይ ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ነው የሚያዘናጋው።

ለብቻቸው አልጫ አትጣጂ። በእኛ ቤት ሰውን ከመሶብ መለየት ቅጣት ነው፤ እሳቸውም ቢሆን ሁለት ቀን ታግሰው በሦስተኛው ከእናንተ ወጥ ማጥቀሳቸው አይቀርም። የሁላችሁም ድስት ጨው ይቀንስ። ያለውን በርበሬ አትድፊው፣ ግን እሱ የገባበት ወጥ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሪ። የሚቀጥለውን ያለ ጨው አስፈጪ። «ይነቅዝብሻል» የሚል አይጠፋም። የኔ በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። ማጣፈጫ ኩቡንም ተይው፤ እሱም ጨው ነው።

ወጡ ሊወርድ ሲል ጨውን በሻይ ማንኪያ ለክተሽ አግቢ፣ በእጅ መቆንጠር ይቅር። አዮዲን ያለው ጨው ይሁን። እንቅርት የሚከላከለው አዮዲን እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚቀንስ፣ መጨረሻ ላይ ማግባቱ ለዚያም ይጠቅማል። የጎደለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሞሉታል። እኔ ሽሮ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ለምጃለሁ፤ ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ሳምንት አኩርፎ ነበር፣ አሁን ሎሚው ከጠፋ ነው የሚያኮርፈው። ምላስ ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል።

ሽፈራውን እንደ ጎመን ቢበሉት ጥሩ ቅጠል ነው። የኪኒን ምትክ ግን አይሆንም። ግፊቱ ስለወረደ ብቻም ኪኒኑን እንዳያቆሙ፤ የወረደው በኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ጾም ላይ ሰዓቱ ካስቸገራቸው ሐኪሙን ሰዓት እንዲያስተካክልላቸው ጠይቁት፣ የንስሐ አባታቸውንም ያናግሩ። ብዙ ሰው በዓቢይ ጾም ዝም ብሎ ያቋርጥና ለፋሲካ እኛ ጋ ይመጣል። «ፖታሲየም ያለው ጨው» የሚባለውንም ሐኪም ሳያውቅ አትግዢላቸው። ከአንዳንድ የግፊት ኪኒኖች ጋርም፣ ለተጎዳ ኩላሊትም አደገኛ ነው።

ስታስለኪያቸው አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይረፉ፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። እናንተም ቤት የጨው ከረጢቱ ላይ ቀን ጻፊበትና በስንት ቀን እንደሚያልቅ እዪው።

የቡናውን ጨው ግን ባንዴ አትንሻቸው፤ ይቀየሙሻል። ከበረካው ጀምሪ፣ ከዚያ ቶናው። አቦሉን መጨረሻ ላይ ትደርሺበታለሽ።