መልስ፦ ቆዳዬ ደሴ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?
እህቴ፣ ኮምቦልቻ ውለው ማታ ደሴ ሲመለሱ ቆዳዎ ለምን እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ ጠይቀዋል። ኮምቦልቻ ሲሞቅዎ ከቆዳ ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ላቡም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጥተው ብርዱ ሲቀበልዎ ግን ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ላቡም ይቆማል። ዋናው ጉዳይ ያለው ከላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ይህ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ውኃ እንዳይወጣ፣ ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲበዛበት ስቡ ይታጠባል፤ ቀዝቃዛው ደረቅ አየር ደግሞ እርጥበቱን ይመጥጠዋል። እባክዎ ከታጠቡ በኋላ እጅዎ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ። የደጋ ፀሐይንም ቢበርድም አይናቁት፤ ከፍታ ሲጨምር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ይበረታል። ስንጥቁ ከደማ ወይም ካመረቀዘ ሐኪም ይየው።