ፍየል የማያልፈው የሽቦ አጥር

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከቃሉ ወረዳ ነው። በመስኖ ማንጎና ፓፓያ ተክያለሁ፤ ቦታው 50 በ50 ሜትር ይሆናል። አምና በባሕር ዛፍ ቋሚ ሦስት መስመር እሾሃማ ሽቦ አጥሬበት ነበር። ዘንድሮ የማዕዘኑ ቋሚ ተጋደመ፣ ሌሎቹን ምስጥ ጀምሯቸዋል፣ የመንደሩ ፍየል እንደልቡ ይገባል። ሌላ ጥቅል ሽቦ ልግዛ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ሽቦ ለመግዛት አይቸኩሉ። የእርስዎ አጥር የተሸነፈው ማዕዘኑ ላይ ነው። ሽቦ ሲወጠር ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው አራቱ ማዕዘን ላይ ነው፤ እነሱ ከላሉ አሥር መስመር ቢደረድሩም ይረግባል።

ለማዕዘን ወፍራሙን እንጨት ይምረጡ። ጉድጓዱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ። በመካከል ላሉት 60 ይበቃል፤ በየ2 ሜትር ተኩሉ ይትከሏቸው። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እያበጠ ቋሚውን ስለሚነቀንቀው ጠለቅ ያድርጉት። አፈሩን በአንዴ አይመልሱ። ስንዝር ስንዝር እየጨመሩ በአጣና ጫፍ በደንብ ይጠቅጥቁት። ሲሚንቶ ይግባበት የሚል መካሪ አይጠፋም። ለብረት ቋሚ ደግ ነው፤ እንጨት ላይ ግን ውሃ ይዞ ያበሰብሰዋል።

ከዚያ ድጋፍ። ሽቦው ማዕዘኑን የሚስበው በሁለት አቅጣጫ ስለሆነ ድጋፉም ሁለት ነው። እያንዳንዱን በሽቦው መስመር ላይ አጋድመው ያቁሙ፤ ራሱ ከቋሚው ወገብ ከፍ ብሎ ይግጠም፣ እግሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይርገጥ። በጣም ቀጥ ብሎ ከቆመ ቋሚውን ከመደገፍ ይልቅ ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ረዘም ያለ እንጨት ይጠቀሙ።

ለምስጡ፣ ባሕር ዛፉን ልጠው ጥላ ውስጥ በደንብ ያድርቁት። እርጥብና ለጋ እንጨት ለምስጥ ድግስ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ከውሃ ጉድጓድና ከመስኖ ቦይ አጠገብ ግን አልመክርም። ወይራና ጥድ የሚስተካከላቸው የለም፤ ቢሆንም ቆሞ ያለ ዛፍ አይቁረጡ። አሮጌ ቤት የሚያፈርስ ጎረቤት ካለ ምሰሶውን ይጠይቁት።

አሁን ወደ ፍየሏ። ላም በደረቷ ነው የምትገፋው፤ ፍየል ግን ጎንበስ ብላ ትሾልካለች። ስለዚህ ታችኛው ሽቦ ከመሬት 15፣ ቀጣዩ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያሉት እየሰፉ ይሂዱ። አቅም ሲገኝ አምስት መስመር ያድርሱት፤ ለሁለቱ ጭማሪ መስመር የሚያስፈልግዎ 400 ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቋሚ መካከል ቀጭን እንጨት አቁመው ከሁሉም ሽቦ ጋር ይሰሩት፤ ፍየሏ ሽቦውን ከፈት አድርጋ እንዳትገባ የሚከለክላት እሱ ነው።

ሽቦውን በቋሚው የውጭ ገጽ ይምቱት፤ ከብት ሲገፋው እንጨቱ ላይ ይለጠፋል እንጂ ሚስማሩን አይነቅልም። የመካከሎቹን ሚስማር እስከ መጨረሻው አይቀጥቅጡ፣ ሽቦው ሲወጠር ይንሸራተት። ሲወጥሩ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ልጆችም አይጠጉ። የተበጠሰ ሽቦ ዓይን ያጠፋል።

እኔ ብሆን ከሽቦው ጎን በውስጥ በኩል ቅንጭብ እተክላለሁ። ከብት አይበላውም፣ ቆላማ አየርም ይስማማዋል። ቁራጩን ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆይተው ክረምት ሲገባ ስንዝር እያራራቁ ይትከሉት። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው፤ በብዙ ውሃ ታጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቋሚዎ ሲበሰብስ ቅንጭቡ አድጎ ይደርስልዎታል። እስከዚያው የግራር እሾህ ከታች ያጥሩበት።

ቁፋሮውን መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ይጨርሱ። አዝመራ ተሰብስቦ ከብት ከተለቀቀ በኋላ አጥር መሥራት ጅቡ ከሄደ ውሻው ጮኸ ነው። ድንበርተኛዎን ጠርተው አብረው ሲባጎ ይዘርጉ፣ የይዞታ ደብተሩንም ያውጡት። ሰው ውሃ የሚቀዳበት መንገድ በቦታው የሚያልፍ ከሆነ በር ይተዉለት፤ መንገድ የተዘጋበት ሰው ሽቦውን በሌሊት ይቆርጠዋል።