ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጀልባውን ለኩ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከግልገል ጊቤ ሐይቅ ዙሪያ በተከታታይ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አነስተኛ የዓሣ ማስገሪያ የሞተር ጀልባ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ አሰንዳቦ አካባቢ በማኅበር ተደራጅተን ቆሮሶና አምባዛ እናሰግራለን። እስካሁን በመቅዘፊያ ነበርን፤ አሁን የሞተር ጀልባ ልናሠራ ገንዘብ ቆጥበናል። ከመካከላችን አንዱ ብረት ይሻላል ይላል፣ አንዱ ፋይበር ግላስ፣ አንዱ ጣውላ። ለሦስት ሰው ምን ያህል ርዝመት ይበቃል?

መልስ፦ 5 ሜትር ርዝመትና ከመሐሉ 1.5 ሜትር ስፋት ይበቃችኋል። ርዝመቱን በስፋቱ አባዝታችሁ ለ1.4 ስታካፍሉት ጀልባው በረጋ ውሃ ላይ የሚችለው የሰው ቁጥር በግምት ይወጣል። 5 በ1.5 ሲባዛ 7.5፣ ለ1.4 ሲካፈል አምስት ሰው ገደማ ነው። እርጥብ መረብና የተያዘው ዓሣ የሁለት ሰው ክብደት ስለሚወስዱ ሦስት ይቀራል። ስፋቱን ለላሜራ ቁጠባ ብላችሁ ከ1.2 ሜትር በታች አታውርዱት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጎን ጎንበስ ብሎ መረብ ሲስብ ጠባብ ጀልባ ውሃ ይቀዳል። ሁሉ ነገር ተጭኖ ሳለ ከውሃው ገጽ እስከ ጠርዙ ዝቅተኛ ቦታ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። በዚህ ልክ በቀለም ምልክት አድርጉበትና ምልክቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ጭነት ቀንሱ።

ስለ ዕቃው፣ ብረት የሚመረጠው ጅማ ውስጥ ጥሩ በያጅ ስለማይጠፋና ከጉቶ ጋር ሲጋጭ ቶሎ ስለማይቀደድ ነው። ክብደቱ ግን ብዙ ነው። የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእናንተ ጀልባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ቢገባ ላሜራው ብቻ 157 ኪሎ፣ ከማጠናከሪያው ብረት ጋር 200 ኪሎ ይደርሳል። ባለ 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቢሆን በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ገደማ ነበር፤ አበያየዱ ግን በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ማሽንና የለመደ እጅ ይጠይቃል። ፋይበር ግላስ ቀላልና ለሞተር የሚመች ቅርጽ ያለው ነው፤ ከጉቶ ጋር ሲጋጭ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሳይደርቅ በላዩ ቢለጠፍበትም አይያዝም። የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ለሞተር ጀልባ አንመክረውም። አቅማችሁ ከፈቀደ ፋይበር ግላስ ውሰዱ። ካልፈቀደ ብረት ይሁን፤ ግን ቀጥሎ ያለውን ሳትፈጽሙ ውሃ ላይ አታውጡት።

ውሃ የሞላው የብረት ጀልባ ይሰምጣል፤ የምትይዙት ነገር አይተውላችሁም። 200 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ 175 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ሞተሩን 45 ኪሎ፣ ጠርዙን ይዘው ለሚንሳፈፉ ሰዎች 40 ኪሎ ጨምሩበት፤ 260 ይሆናል። አንድ ሊትር የታሸገ አየር አንድ ኪሎ ያህል ስለሚያነሳ 260 ሊትር አየር ያስፈልጋችኋል፤ ይህም 13 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ክዳናቸውን በሲሊኮን አሽጉ፤ ከመቀመጫ ሥር፣ ከፊትና ከኋላ፣ በሁለቱም ጎን ከጠርዙ አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ በላሜራ ቀበቶ እሰሩ። ወለሉ ላይ አትደርድሯቸው። ከታች የታሰረ አየር ውሃ የሞላውን ጀልባ ይገለብጠዋል፤ ከላይ በጎኖቹ የታሰረ ግን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በዓመት አንድ ጊዜ እየፈታችሁ የተሰነጠቀ ጀሪካን ካለ ቀይሩ።

የብየዳ ቀዳዳ ለመፈለግ ጀልባውን በውሃ አትሙሉ፤ ክብደቱ ያጣምመዋል። ከውጭ በኩል ብየዳውን ኖራ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ከውስጥ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀቡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኖራው ላይ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ነጭ ጋዙ ያለፈው እዚያ ነው። እንደገና ከመበየዱ በፊት ነጭ ጋዙን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ አለበለዚያ እሳት ይነሳል።

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነጋዴ ነኝ። ከወንድሜ ጋር ለምንሠራው ጀልባ በጅቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አቅርበውልኛል። ቀለሙ አዲስ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ አዲስ ቀለም በተለይ ያጠራጥርዎ። የጨው ውሃ ላይ የሠራ ሞተር አሉሚኒየሙ ከቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ከተፈረፈረ ይተዉት። ክዳኑን ከፍተው ብሎኖቹን ይመልከቱ፤ የዛጉና ጭንቅላታቸው የተላጠ ከሆነ ወደፊት ሲፈቱ ይሰበራሉ።

ቀጥለው ከታች ባለው የማርሽ ቤት ላይ ያለችውን የዘይት ማውጫ ብሎን ጥቂት ያላሏት። መጀመሪያ ውሃ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ የሚከለክለው ጎማ አልቋል። የብረት ቅንጣት ከወጣ ማርሹ ተበልቷል፤ የእንዲህ ያለውን ጥገና ወጪ በሞተሩ ዋጋ ላይ ደምረው ያስቡት። ሁለቱንም ካንዴላ አውጥተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ያስለኩ፤ ጅማ ውስጥ መለኪያው ያለው ጋራዥ አይጠፋም። ሁለቱ ንባቦች ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ አንዱ ሲሊንደር ታሟል።

ከዚያ ሞተሩን 200 ሊትር በርሜል ላይ አስረው ያስነሱት። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ብረት ከፍ ማለት አለበት። ከጎኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያልተቋረጠ የውሃ ቀጭን ፍሰት ካልወጣ ያጥፉት፤ የማቀዝቀዣ ፖምፓው የጎማ ክንፍ አልቋል ወይም መንገዱ ተደፍኗል። «ትንሽ ድምፁን ስማው» ብሎ ያለ ውሃ የሚያስነሳ ሻጭ ካጋጠመዎ እጁን ይያዙት፤ የጎማው ክንፍ ያለ ውሃ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቃጠላል። ግልገል ጊቤ ደለል የሚበዛበት ስለሆነ ገዝተውትም ቢሆን ክንፉን በዓመት አንድ ጊዜ ይቀይሩ።

ሞተሩን ወደ ሐይቁ ሲወስዱ በተቻለ መጠን አቁመው ያጓጉዙ። ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ) ከሆነና መተኛት ካለበት አምራቹ ምልክት ባደረገበት ጎን ብቻ ያስተኙት፤ በሌላ ጎን ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ጥያቄ፦ 15 ፈረስ ጉልበት ይበቃል ወይስ 40 ብንገዛ? ዝቅ ያለ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች «15 ይበርራል» ይላሉ፤ የእኛ ግን ሲጫን ይደክማል።

መልስ፦ የእናንተ ሞተር የሚደክመው አየሩ ስለሳሳ ነው። ግልገል ጊቤ ሲሞላ ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,671 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ ሞተር 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 15 የተባለው እዚህ 12.5 ገደማ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ካርቡራተሩን የሚያውቅ ሰው አነስተኛ ቀዳዳ ያለው ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ይግጠምበት። ፕሮፔለሩንም ፒቹ በ1 ወይም በ2 ኢንች ባነሰ ለውጡት። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ ፒቹን መቀነስ እንደ መኪና ማርሽ መቀነስ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ሌላ ሞተር የሚያስገዛው ችግር በዚህች ትንሽ ዕቃ ይፈታል።

40ውን ተዉት። 5 ሜትር የሆነና ከባድ ጭነት የያዘ ጀልባ ውሃውን እየገፋ የሚሄድ ስለሆነ በሰዓት 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ተጨማሪ ጉልበት ኋላውን ወደ ውሃ ይቀብራል እንጂ አያፈጥነውም። ለብረት ጀልባ ከ8 እስከ 10፣ ለቀላል ፋይበር ግላስ 15 በቂ ነው። ነዳጁን አስቡት፤ ባለ አራት ምት 8 ፈረስ ጉልበት ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት 3 ሊትር አካባቢ ይጠጣል፤ ባለ ሁለት ምት 15 ደግሞ ከ6 ሊትር በላይ። ከያዛችሁት ነዳጅ ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ አድርጉ፤ የቀረው ሲሶ አይነካም።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ይረጫል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። በያጁ የኋላውን ግድግዳ ከፍ አድርጎ ሠርቶታል።

መልስ፦ እግሩ አጥሮ ነው። የእነዚህ ሞተሮች እግር በአብዛኛው ሁለት ልክ አለው፤ አጭሩ ለ38 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ፣ ረጅሙ ለ51 ሳንቲ ሜትር። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ የሰሙት ጩኸት ያ ነው። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ እግሩ ውሃ ይገፋል፣ ጉቶም ቶሎ ያገኘዋል። ግድግዳውን ከመሐሉ በሞተሩ ልክ ቆርጠው ያውርዱት፤ ቁርጡ ላይ ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከፊቱ ትንሽ ተጨማሪ ግድግዳ አስበይደው ውሃው በቱቦ ወደ ውጭ ይመለስ።

ሞተሩ በቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ አይታሰር። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ አጣብቀው፣ ጠርዙን በቀለም ዘግተው፣ ከላሜራው ጋር በብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ያያይዙት። የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይላላጣል። ሁለቱን የማጥበቂያ እጀታዎች በየጠዋቱ ያጥብቁ፤ ንዝረት ያላላቸዋል። ሞተሩን በሰንሰለት ከጀልባው ጋር ማሰርም አይዘንጉ፤ የወደቀ ሞተር በዚያ ደፍራሳ ውሃ ውስጥ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ለቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተር ዘይት ምን ያህል ይቀላቀል?

መልስ፦ አብዛኞቹ 50 ለ1 ናቸው፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉን ይከተሉ። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን። ጀሪካኑን መሬት አውርደው ይቀላቅሉ፤ ጀልባ ውስጥ የፈሰሰ ቤንዚን ጋዙ ከታች ተኝቶ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የጎርፍ እንጨትና ጉቶ አለ፣ መረባችንም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ምን ይዘን እንውጣ?

መልስ፦ መረቡን ሁልጊዜ ከጀልባው ፊት ወይም ከጎን ሳቡ፤ ከኋላ አትሳቡ። መረብ ጋ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉና እግሩን ከውሃ አንሡ። ከተጠመጠመ የማጥፊያውን ገመድ ነቅላችሁ፣ እግሩን አንሥታችሁ ብቻ ቁረጡ፤ በሚዞር ፕሮፔለር ላይ ጣት ያጣ ሰው ብዙ ነው። የናይለን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ሲገባ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ያበላሸዋል። በሳምንት አንዴ ፕሮፔለሩን ፈታችሁ ከጀርባው ያለውን ክር አውጡና ዘንጉን ግራሶ ቀቡ።

የማጥፊያው ገመድ ከነጂው እጅ ወይም ጉልበት ጋር ይታሰር። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካልታሰረ ጀልባው እየዞረ ይመለስበታል። ሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬቱን ይልበስ፤ ወለል ላይ የተነጠፈ ጃኬት ለማንም አይጠቅምም። ሁለት መቅዘፊያ፣ ባልዲ፣ የሐይቁን ጥልቀት አምስት እጥፍ የሚሆን ገመድ ያለው መልህቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ ይኑራችሁ። መለዋወጫችሁ ሁለት ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ሞተራችሁ የሚሰበር ፒን ያለው ከሆነ ሁለት ፒን ይሁን። ያቺ ፒን ጉቶ ሲመታችሁ ማርሹን ለማዳን ብላ የምትሰበር ስለሆነች በምስማር አትተኩዋት።

ከክረምት በፊት ውሃው ሲጎድል የተደበቁ ጉቶዎች ወደ ላይ ይቀርባሉ፤ በዚያ ወቅት ዳርቻው አጠገብ በዝግታ ሂዱ፣ አንዱ ፊት ላይ ተቀምጦ ይመልከት። ጉማሬ በሚታይበት ዳርቻና በግድቡ የውሃ መግቢያ አቅራቢያ አትጠጉ።

ጥያቄ፦ ለገበያ ለማስገር ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ ማስገርን ከፈቃድ ጋር ያያይዘዋል። ጀልባውን ከማሠራታችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ፤ የመረብ ዓይን ስፋትንም አብራችሁ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ዓሣው ጅማ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ጀልባው ላይ ምን እንሥራ?

መልስ፦ ከመሐል መቀመጫው ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ፎም የተለበጠ ሳጥን አሠሩ፤ ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ቁጠሩ፤ ከሥር በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከላይ እንደገና በረዶ አድርጉ። ዓሣው በቀለጠው ውሃ ውስጥ እንዳይቀመጥ ቀዳዳው ክፍት ይሁን። ሆድ ዕቃው እዚያው ጀልባው ላይ ይውጣ፤ የደሙ ውሃ ግን ወደ ሳጥኑ አይመለስ።