ከሥዕሉ በፊት ግንቡን እዩ

ልጆቼ፣

ጅማ ተቀምጣችሁ ግንባታና ሥነ ጥበብ ለምትማሩ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን ሰሜን ጣልያን የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ፣ ቬሮና ከተማ ያለውን፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ካስቴልቬክዮ የተባለ ጥንታዊ ግንብ ሳታዩ አትመለሱ። ስትገቡ ግን ወደ ሥዕሎቹ አትሩጡ።

ግንቡን እ.ኤ.አ. ከ1354 ጀምሮ ያሠራው የከተማዋ ገዥ ዳግማዊ ካንግራንዴ ነው። የውጭ ጠላትን ብቻ አልነበረም የፈራው፤ የገዛ ሕዝቡንም ጭምር እንጂ። ከግንቡ ተነሥቶ ወንዙን የሚሻገረው ድልድይ የማምለጫ መንገዱ ነበር። ይህን ድልድይ በ1945 የሚያፈገፍጉ የጀርመን ወታደሮች አፈረሱት፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ከወንዙ በወጣው ድንጋይ ተመልሶ ተሠራ።

ግንቡ ሙዚየም የሆነው በ1920ዎቹ ነው። ዛሬ የምናደንቀውን መልክ የሰጠው ግን ከ1958 ጀምሮ የሠራበት አርክቴክት ካርሎ ስካርፓ ነው። ስካርፓ አዲሱን ወለል ሲያነጥፍ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አላጋጠመውም፤ ጠርዙን ይዞ ክፍተት ተወ። አሮጌው የት እንዳበቃ፣ የእሱ እጅ ከየት እንደጀመረ ማንም ጎብኚ ያያል። በግንባታ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፦ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የእድሳት ሥራ አላውቅም። በናፖሊዮን ዘመን ከተሠራው የወታደር መኖሪያ አንዱን ጫፍ አፍርሶ የጥንቱን ቅጥር ገለጠው። በተከፈተው ቦታ ላይ፣ ወጣ ባለ ኮንክሪት ጫፍ፣ በ1329 የሞተውን የቀድሞውን የቬሮና ገዥ፣ የቀዳማዊ ካንግራንዴን የፈረሰኛ ሐውልት አቆመ። መጀመሪያ ከሥር ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ስትወጡ መተላለፊያው አጠገቡ ያደርሳችኋል፤ የፊቱን ፈገግታ በደንብ የምታዩት ያኔ ነው።

ቪዛና ገንዘብ እስኪገኝ ግን ዓይናችሁን እዚሁ አሠልጥኑት። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከከተማችን አፍንጫ ሥር ነው። የእንጨት ሥራ ከድንጋይ ይልቅ ለዝናብና ለምስጥ የተጋለጠ ስለሆነ እየታደሰ ነው የሚኖረው፤ እናም የሚያሳስበኝ አዲሱን እንጨት አሮጌ አስመስሎ የመቀባት ልማድ ነው። የነገ አዳሾቹ እናንተ ናችሁ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ አንዱን መጋጠሚያ፣ አንዱን ምሰሶ በእርሳስ ሳሉ። አስጎብኚውን የንጉሡን ታሪክ ከጠየቃችሁት በኋላ የትኛው እንጨት እንደተተካ፣ መቼና በምን ዓይነት እንጨት እንደሆነም ጠይቁት። እሱ ካላወቀ የጅሬን ሽማግሌዎች ዘንድ ሂዱ፤ የነገሯችሁንም ከሥዕላችሁ ጎን ጻፉት። ክረምት ከሆነ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ዝናብ አለ።